ፎቅ ያቃታት ቀይ መኪና

ከመነሳታችን በፊት

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ ልናገር። እኔ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ፤ መኪና የምገዛም የምሸጥም ሰው አይደለሁም። ከመቂ ትንሽ አለፍ ብላ በምትገኘው ከተማችን ገበያ ውስጥ ከአቡጀዴ እስከ መጋረጃ በሜትር እየለካሁ እሸጣለሁ። ባለፈው በጋ የጨርቅ ተራው በእሳት ሲያያዝ በባልዲና በአፈር ታገልን። የእሳት አደጋ መኪና ከሌላ ከተማ ተጠርቶ ሲደርስ የቀረው አመድና የተጨማደደ ቆርቆሮ ነበር። ሹፌሩ ወርዶ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ምን ያድርግ፣ መንገዱ ሩቅ ነው። የእኔ ሱቅ ከነዕቃው፣ የጎረቤቴ የሉባባ ሱቅ ከነስፌት መኪናዋ ዶግ አመድ ሆነ። ሉባባ እስከ ዛሬ መሬት ላይ ሸራ ዘርግታ ነው የምትሸጠው። ተራውን መልሰን የሠራነው በዚያው በእንጨትና በላስቲክ ነው፤ ሌላ አቅም ከየት ይምጣ። አሁን ደግሞ በጋው እየመጣ ነው። የትም ይሁን የት ጭስ በሸተተኝ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል።

እንዲህ እንዳለን ነው ከአዲስ አበባ ወሬ የመጣው። አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ያለ አንድ የእሳት አደጋ ጣቢያ ያረጁ መኪኖቹንና ዕቃዎቹን ሊያስወግድ ነው። ለአዲስ አበባ የማይሆነው ለጠየቀ ትንሽ ከተማ በነጻ ይሰጣል፣ ጠያቂ ያጣው ለብረታ ብረት ነጋዴ በጨረታ ይወጣል ተባለ። ማዘጋጃ ቤታችን አንድ መኪና ጠየቀ፤ ኑና ውሰዱ የሚል መልስ መጣ። የማዘጋጃ ቤቱን የውሃ ቦቴ የሚነዳው ሁሴን እንዲሄድ ተወሰነ። ነጋዴውም ለናፍጣና ለጥገና አዋጥቶ ስለነበር "ከእኛም አንድ ሰው ይሂድ" አለ። ጣት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ለምን እኔ ብል፣ ሉባባ "ለምላስሽ ነዋ፣ ወርቄ" አለችኝ። አልተቀየምኩም፣ እውነቷን ነው።

ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ "እስቲ አውሪልን" ይለኛል። ስንቴ አወራለሁ? ጻፍኩት።

በሚኒባስ

ማለዳ መናኸሪያ ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እስከ ቃሊቲ ስልሳ ብር ከፈልን። ረዳቱ ለቦርሳዬ ሌላ አሥር ብር ጨምሪ ቢለኝ፣ ቦርሳው ጭኔ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ወንበር አልያዘብህም ብዬ አፉን አስያዝኩት። ሁሴን በመስኮት በኩል ተቀመጠ። ሁሴን ዝምተኛ ነው፤ ግን ሌላ ሰው ሲነዳ አብሮት መሄድ ስቃይ ነው። ሹፌሩ ፍሬን መያዝ ሲገባው የእሱ እግር ወለሉን ይረግጣል። መቂ እስክንደርስ ድረስ የሚኒባሱን ወለል የሚበሳው መስሎኝ ነበር።

ከመቂ ወዲያ በመንገዱ ግራና ቀኝ ሽንኩርትና ቲማቲም ነው። ሴቶች ጎንበስ ብለው ይለቅማሉ፣ ሳጥኑ አስፋልቱ ዳር ተደርድሮ አይሱዙ ይጠብቃል። ሞጆ ስንገባ የቆዳው ሽታ ተቀበለን፤ ሁሉም ሰው መስኮቱን ዘጋ፣ ሞጆ ስናልፍ ሁሉም ከፈተ። ደብረ ዘይት ወርደን ቁርስ በላን። አንድ ፍርፍር ለሁለት፣ ሁለት ሁለት ሻይ፤ አርባ ብር ወጣ። ሁሴን ሻዩን እየጠጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬ ጀመረ።

"እትዬ ወርቄ፣ መኪናው ባይነሳስ?"

"እንጎትተዋለን።"

"በምን?"

ሌላ ሻይ አዘዝኩለት።

ከዱከም ወዲያ ሜዳው ሁሉ ፋብሪካ ሆኗል። ጤፍ ይዘራበት የነበረ መሬት ላይ ረጃጅም የቆርቆሮ ጣሪያ ተደርድሯል። ከኋላችን የተቀመጡ አንዲት እናት ልጃቸውን በጣት እያሳዩ "እዚህ ጋ ነበር የእኛ አውድማ" ይሏታል። ከዚያም በኦሮምኛ የሆነ ነገር ጨመሩ፤ ልጅቱ ሳቀች፣ እሳቸው ግን አልሳቁም። ወደ አቃቂ ስንጠጋ በስተቀኝ የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች ታዩ። በቢጫና በቀይ የተቀቡ፣ ከመንገዱ እስከ ኮረብታው የተደረደሩ። ሁሴን አንገቱን አስግጎ "እዚያ ላይ እሳት ቢነሳ እንዴት ያጠፉታል?" አለ። እኔ የሰማሁት በግማሽ ጆሮ ነበር። ትዝ ያለኝ ኋላ ነው።

አቃቂ

አቃቂ የቆየች ከተማ ነች፤ አዲስ አበባ እየሰፋች መጥታ ዋጠቻት እንጂ። የድሮው የባቡር ሐዲድ በሣር ተሸፍኖ ጉልቶች ተሰልፈውበታል። በሐዲዱ አጠገብ ግንባቸው የጠቆረ የፋብሪካ ሠራተኛ ቤቶች አሉ፤ በየበሩ ደግሞ ባጃጅ ቆሟል። ከዋናው መንገድ እስከ ጣቢያው ለሁለታችን አሥር ብር ከፈልን። የባጃጁ ልጅ "እሳት አደጋ? ማን ተቃጠለ?" ብሎ ጠየቀን። "የተቃጠልነው ዓምና ነው" አልኩት። ግራ ገብቶት በመስታወቱ አየኝ።

የጣቢያው ጓሮ ጡረታ የወጣ ዕቃ ሰፈር ነው። ጎማ የሌለው አምቡላንስ በድንጋይ ላይ ተቀምጧል፣ በሞተሩ ክፍል ውስጥ ዶሮ ትፈለፍላለች። የተቀዳደደ ቱቦ ተጠቅልሎ ተከምሯል። የላስቲክ ቦት ጫማ፣ ቀለሙ የተላጠ የራስ ቆብ፣ አንድ ትልቅ የእንጨት መሰላል። ከሁሉም ወዲያ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ቀይዋ መኪና ቆማለች። አፍንጫዋ ሰፊ ነው፣ መብራቶቿ ክብ ናቸው። አቧራ ለብሳለች። ሁሴን ዝም ብሎ ዙሪያዋን ዞረ፣ ጎማዋን ረገጥ ረገጥ አደረገ፣ ከሥሯ ገብቶ ወጣ።

"ሻንሲዋ ደህና ነው" አለኝ። ከእሱ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

የተቀበሉን ጋሽ ተሰማ ናቸው። የመኪናዋ ሹፌር እሳቸው ነበሩ፤ ጡረታቸው ደርሷል። ረጅም፣ ከሲታ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ናቸው። ሲናገሩ መኪናዋን "እሷ" እያሉ ነው፤ እኔም ያኔ ለመድኩ። ከእሳቸው ጋር የሚሠሩት እሳት አጥፊዎች ሁሉም ወጣቶች ናቸው፤ ጋሼ፣ ጋሼ እያሉ ይከቧቸዋል።

"ከየት ነው የምትወስዷት?" አሉ ጋሽ ተሰማ።

ነገርኳቸው። ስለ ገበያው፣ ስለ እሳቱ፣ ስለ ሉባባ ስፌት መኪና። እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

"ትነሳለች?" አለ ሁሴን።

"ሞተሪኖዋ፣ ማስነሻዋ ነው ያስቸገረው። በእሱ ምክንያት ነው ከአገልግሎት ውጭ ያልናት።" ቀና ብለው ልጆቹን አዩ። ልጆቹ እርስ በእርሳቸው ተያዩ። "ነገ የንብረት ማስወገድ ኮሚቴው መጥቶ ያያታል፣ ከዚያ ትረከባላችሁ። አሁን ሄዳችሁ እረፉ።"

በሐዲዱ አጠገብ አንድ አልጋ ቤት አገኘን። ለአንድ ክፍል መቶ ሃያ ብር፤ ሻወር አለ ብለው ውሃ የለም። ለእራት ሽሮ በላን፤ ሁሴን ስለ ሞተሪኖ እያሰበ ምግቡን እንኳን በወጉ አልቀመሰም።

ኮሚቴው ሲመጣ

በማግሥቱ ጠዋት ግቢው ስንገባ ቀይዋን መኪና አጣኋት። አጠገቧ ቆሜ ነው ያጣኋት። ታጥባ፣ ተወልውላ፣ ክብ መብራቶቿ ፊቴን እያሳዩኝ፣ ጎማዎቿ ጥቁር ቀለም ተቀብተው ቆማለች። ልጆቹ እጃቸው በግራሶ ጠቁሯል፣ ዓይናቸው ቀልቷል። ለካ ሲሠሩ አድረዋል። ከተጣለው አምቡላንስ ሞተሪኖ ፈትተው፣ አስተካክለው፣ እሷ ላይ ገጥመዋል።

"ለእንግዳ እንደዚያ ሆና አትወጣም ብለን ነው" አለችኝ ከእሳት አጥፊዎቹ አንዷ፣ ፀጉሯን በሻሽ ያሰረች ወጣት። "ሙሽራ አድርገን ነው የምንሸኛት።"

ሁሴን የልጅቱን እጅ ከነግራሶው ጨበጠ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ግርማ ረፋዱ ላይ መጣ። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ጃኬት የለበሰ፣ ትሕትና ያለው ሰው ነው። ከሁሉም ሰው ጋር ተጨባበጠ፣ ከእኔ ጋር ሲደርስ "ከሩቅ ነው የመጣችሁት፣ ደክሟችኋል" አለኝ። መኪናዋን ዞሮ አየ። "እስቲ አስነሷት" አለ።

ጋሽ ተሰማ ጋቢና ገቡ። አንዴ ሲያዞሩት ተነሳች። ያውም እንደ አዲስ። ልጆቹ አጨበጨቡ፣ እኔም አብሬ አጨበጨብኩ። አቶ ግርማ ግን አላጨበጨበም።

"ትሠራለች እኮ" አለ።

"በደንብ ነዋ" አለች ሻሽ ያሰረችው ልጅ፣ በኩራት።

"ለእኛ የቀረበው ምክንያት ሞተሯ አይነሳም የሚል ነው። የምትሠራ መኪና እንዴት ብዬ ነው የማስወግደው?" ድምፁን ከፍ አላደረገም። "ነገ ግምገማ ላይ የመንግሥትን ንብረት ደህናውን መኪና ለዘመድ ሰጠ ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? ካልተበላሸች ግቢ ውስጥ ትቆይ። አንድ ቀን ታስፈልግ ይሆናል።"

ጭብጨባው ፀጥ አለ። ልጆቹ ገብቷቸዋል፤ ፊታቸውን ያየ ያለቅሳል። ሊያስደስቱን ሌሊቱን ሲለፉ አድረው መንገዳችንን የዘጉት እነሱ ራሳቸው ሆኑ። "አንድ ቀን" ማለት ምን እንደሆነ ለማወቅ ዞር ብሎ ዶሮዋ የምትፈለፍልበትን አምቡላንስ ማየት ይበቃል። ለሉባባ ምን ልላት ነው? ሄድኩ፣ አየኋት፣ በጣም ጥሩ ስለሆነች ከለከሉን?

አቶ ግርማ ላይ መጮህ ፈልጌ ነበር፤ አልዋሽም። ግን ሰውየው ክፉ አልነበረም። ለእኔ ሲል እንጀራውን ያጣ ዘንድ እንዴት ብዬ ልፍረድበት? እሱም ቅር እያለው ቱቦውንና መሰላሉን ለማየት ወደ መጋዘኑ ሄደ።

ከግቢው ውጭ ባለች ሻይ ቤት

ጋሽ ተሰማን ተከትዬ ወጣሁ። ከግቢው በር ፊት ለፊት ባለች የላስቲክ ሻይ ቤት ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ዓይኔን በጨው አጥቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሻያቸውን ያማስላሉ፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

"ጋሽ ተሰማ፣ ችግሯ ሞተሪኖ ብቻ ነበር?"

"ለምን ጠየቅሽኝ?"

"ልጆቹ በአንድ ሌሊት የሚጠግኑትን ነገር ይዛችሁ መኪና አትጥሉማ።"

ልነሳ ስል ጀመሩ።

"ክረምቱ ከመግባቱ በፊት አንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እሳት ተነሳ። ቀድመን የደረስነው እኛ ነን፣ እኔና እሷ። ፓምፑን ከፈትኩት። ውሃው ሦስተኛው ፎቅ ጋ ሲደርስ ጎበጥ ብሎ ወረደ። ደግሜ ሞከርኩ፣ ያው ነው። የቤቱ ባለቤት ታች አጠገቤ ቆማ 'ትንሽ ከፍ አድርጉት፣ ትንሽ' ትለኛለች። ትንሽ ነው የቀረው፣ ግን መኪናዬ አቅሟን ጨርሳለች። አዲሱ መኪና እስኪመጣ ሳሎኑ አለቀ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን።"

"ታዲያ ይሄን ለምን አልተናገራችሁም?"

"ስንት ዓመት ስንቱን ቤት አትርፋለች! ፋብሪካ አጥፍታለች፣ የነዳጅ ቦቴ አጥፍታለች። ውሃዋ አልደረሰም ተብላ እንድትወጣ ልጆቹ አልፈለጉም። እኔም አልፈለግኩም። አስነሺዋ ተበላሸ አልን። ሞተር የማንም ይበላሻል፣ አያሳፍርም።"

አሁን ገባኝ። ስሟን ሊጠብቁ ብለው የውሸት ምክንያት ሰጡ፤ ከዚያ ደግሞ ክብሯን ሊጠብቁ ብለው ያንኑ ምክንያት ጠገኑት። እነዚህ ሰዎች መኪናቸውን ወደዋት ወደዋት መውጫ አሳጧት። ልስቅ ወይስ ላለቅስ፣ ቸገረኝ።

"ጋሽ ተሰማ፣ እኛ ጋ ፎቅ የለም" አልኳቸው። "አንድ ሆቴል አለ፤ እሱም ባለ አንድ ፎቅ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ከአንድ ሰው ቁመት ብዙም አያልፍም።"

"አውቃለሁ። ለእናንተማ ትበቃለች።"

"እንግዲያው ለአቶ ግርማ ይንገሩት።"

"በሰው ፊት ላዋርዳት?"

ሌላ ጊዜ ቢሆን እተወው ነበር። ያን ዕለት ግን የምተወው ነገር አልነበረም።

"ያቺ ሴትዮ ታች ቆማ 'ትንሽ ከፍ አድርጉት' አለችዎት" አልኳቸው። "እኔም ሱቄ ሲነድ ቆሜ አይቻለሁ። እኔ ግን ከፍ አድርጉት የምለው ሰው እንኳን አልነበረኝም። አዎ፣ ያዋርዷት። አንድ ቀን ትዋረድና ከእኛ ጋር ትኑር።"

የሻዩን ሦስት ብር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ። እኔ አጉል ተናገርኩ ብዬ ራሴን እየወቀስኩ ሻያቸውን ጠጣሁላቸው።

ቱሉ ዲምቱ

ወደ ግቢው ስመለስ ጋሽ ተሰማ ከአቶ ግርማ ጋር መጋዘኑ በር ላይ ቆመዋል። "የማሳይዎት ነገር አለ፣ ቱሉ ዲምቱ ድረስ እንሂድ" ሲሉ ሰማኋቸው። ለምን ቢላቸው "እዚህ አይሆንም" አሉ። ውሃ ሞልተን ተነሳን፤ እሳቸው እየነዱ፣ እኔና አቶ ግርማ ጋቢና፣ ሁሴንና ልጆቹ ከኋላ።

ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ስንገባ ሰው ከየቤቱ ወጣ፤ በየበረንዳው አንገት ብቻ ሆነ። "እሳቱ የት ነው?" ይጮሃሉ። ሻሽ ያሰረችው ልጅ "ልምምድ ነው" እያለች ታረጋጋለች። ጋሽ ተሰማ ባዶ የሆነ፣ ገና ሰው ያልገባበት ብሎክ መረጡ። ቱቦውን ልጆቹ ያዙ። እሳቸው ፓምፑ ጋ ቆሙ።

ውሃው ተነሳ። አንደኛ ፎቅን አለፈ፣ ሁለተኛን አለፈ፣ ሦስተኛው በረንዳ ጋ ሲደርስ አቅሙ ከዳውና ተመልሶ ወረደ። ጋሽ ተሰማ ፓምፑን ጨመሩ። እንደገና ሦስተኛው ጋ። ሆን ብለው እንዳላሳነሱት ያየ ሁሉ ያውቃል፤ የአንገታቸው ሥር ተገትሮ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ነው የሚገፏት። እንዲደርስ ፈልገው ነበር። እኔ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንዳይደርስ እየጸለይኩ ነበር።

ከጎን ካለው ብሎክ አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ወፍራም ሴትዮ በረንዳዋን ተደግፋ ታይ ነበር።

"የቧንቧውም ውሃ እዚህ አይወጣ፣ የእናንተም አልወጣ" ብላ ጮኸች። "እኛ ምን በድለን ነው?"

ግቢው በሙሉ ሳቀ። አቶ ግርማም ሳቀ፤ ከዚያ የጋሽ ተሰማን ፊት አየና ሳቁን አቆመ። ጋሽ ተሰማ ፓምፑን ዘጉ። እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉና ወደ እሱ መጡ።

"ይኸው" አሉ። "እዚህ አገር የሚሠራው ሁሉ አራት ፎቅ ነው። የእሷ ሦስት ነው። ከዚህ በኋላ ለዚህ ከተማ አትሆንም።"

አቶ ግርማ ቀና ብሎ እርጥቡን ግድግዳ አየ። ውሃው የደረሰበት ቦታ ላይ መስመር ሠርቷል፤ ማንም የሚከራከርበት አይደለም። "በቃ፣ አሁን የምናገረው ምክንያት አለኝ" አለ። ቀጥሎም ቀስ ብሎ፣ "ጋሽ ተሰማ፣ ይሄን ጠዋት ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?"

"እሷ አጠገብ ቆመን?" አሉ።

አቶ ግርማ ዞር ብሎ መኪናዋን አየ። እኔም ፊቴን አዞርኩ።

የመኪናዋ ታንከር ውስጥ ገና ውሃ ነበረ። የሰፈሩ ሴቶች ቢጫ ጀሪካን እየያዙ ቀረብ ቀረብ ማለት ጀመሩ፤ ለሳምንት ያህል ቧንቧ አልመጣም አሉ። ጋሽ ተሰማ አቶ ግርማን አዩት። እሱ ወደ ሌላ በኩል ዞሮ ስልኩን ማየት ጀመረ። ልጆቹ ቱቦውን ዝቅ አድርገው እየቀዱ ሰጡ። ያቺ ያሳቀችብን ወፍራም ሴትዮ ሁለት ጀሪካን ይዛ እያለከለከች ከአራተኛ ፎቅ ወረደች። ሲሞላላት የጋሽ ተሰማን ትከሻ ሳመች፤ "ይቅርታ አባቴ፣ ለጨዋታ ነው" አለቻቸው። እሳቸውም አንዱን ጀሪካን አንሥተው እስከ ደረጃው ሸኟት።

ርክክብ

በማግሥቱ ርክክቡ ሆነ። ጣቢያው የሚቀር ነገር ሁሉ ከእሷ ላይ ወረደ፤ ሳይረኑ፣ የሚሽከረከረው መብራት፣ በር ላይ የነበረው የከተማው ዓርማ። ሕጉ ነው፤ እነዚህ ከጣቢያው አይወጡም። ልጆቹ አንድ በአንድ ፈቱት። ደህና ደህናውን ቱቦ ግን መርጠው ጫኑልን፤ አቶ ግርማ ቦት ጫማዎችም ጨመረ፣ "ለእግራችሁ ይሆናሉ" ብሎ።

ጋሽ ተሰማ ሁሴንን ጋቢና አስገብተው ሁለተኛ ማርሽ ላይ ትንሽ እንደምታስቸግር፣ ፍሪሲዮኗን በደንብ መርገጥ እንዳለበት፣ ቁልቁለት ላይ እንዳይቸኩላት ነገሩት። ሁሴን እንደ ተማሪ ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። ከዚያ ወረዱና ቁልፉን ሰጡት። ሁሴን ሲያስነሳት ወደ ግቢው በር ሄዱ። የጣቢያው ሹፌር በር አይከፍትም፤ በር የሚከፈትለት ሰው ነው። ዘበኛው ሊቀድማቸው ሲል እጃቸውን አነሡለት። ሁለቱን የብረት በር ራሳቸው እየገፉ ከፈቱልን፤ ስናልፍ ቀጥ ብለው ቆሙ። በመስኮት እጄን ዘርግቼ ስልኬን ጽፌ ሰጠኋቸው፤ ሌላ ምን እሰጣለሁ።

ወደ ቤት

መልሱ ጉዞ እንደ ሠርግ ነበር። ሳይረን የለንም፣ መብራት የለንም፤ ቀይ መሆናችን ብቻ በቃ። ሲኖትራክ እንኳን ዳር ይይዝልናል። ሁሴን መጀመሪያ አፍሮ በእጁ "እለፉ፣ እለፉ" ይል ነበር፤ ዱከም ላይ ሥጋ በልተን ስንነሳ ግን ጭራሽ ለመደው፣ መሃል መንገዱን ይዞ ይኮራ ጀመር። ሞጆ ላይ ትራፊክ ፖሊስ አቆመን።

"እሳቱ የት ነው?" አለ።

"ገና አልተነሳም" አልኩት። "ቀድመን መድረስ ፈልገን ነው።"

ወረቀታችንን አየ፣ ሳቀ፣ ለቀቀን። ከመቂ በኋላ ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። በየመንደሩ ሰው እየቆመ ያየናል። የከተማችን ዋና መንገድ ላይ ስንታጠፍ ወሬው ቀድሞን ነበር፤ የጨርቅ ተራው ሴቶች ሱቃቸውን ጥለው መጡ። እልልታው ሁሴንን አስደንግጦት ሞተር አጠፋባት፤ ሁለተኛ ሲያስነሳት ግን እንደ ጠዋቱ ተነሳች።

ዕረፍት የሚባል ነገር ማን ይሰማል። ከውሃ ቦቴው ሞሉባት፣ ሁሴን ገበያው መሃል አቆማት፣ ሁለት ጎረምሶች ቱቦውን ያዙ። "የት ላይ እንርጭ?" አሉ። ሁላችንም ዞረን ሆቴሉን አየን። በከተማችን ከፍታ የሚባለው እሱ ብቻ ነው። ሁሴን ፓምፑን ከፈተ። ውሃው ተነሳ፣ ሄደ፣ በሆቴሉ ጣሪያ ላይ አልፎ ከወዲያ በኩል ወደቀ። ከሆቴሉ ኋላ ቢራ ሲጠጡ የነበሩ ሰዎች እየጮሁ ወጡ። ሉባባ ሻርፗ ርሶ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች፤ ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ደስታም እንዲህ ያስለቅሳል ብዬ ልላት ነበር፤ ምን ያስፈልጋል፣ ታውቀዋለች።

ከዚህ ጉዞ ምን ተማርኩ ብባል፣ አንድ ነገር ለአንድ ቦታ አልበቃም ማለት ለየትም አይበቃም ማለት እንዳልሆነ ነው። ይህን ከሱቄ ውስጥ ሆኜም ማወቅ እችል ነበር፤ ለአልጋ ያጠረ ጨርቅ ለትራስ ይሆናል፣ ስቆርጠው ነው የኖርኩት። ለምን አቃቂ ድረስ መሄድ እንዳስፈለገኝ እንጃ። ደግሞ የሚወዱትን ነገር ለሌላ አሳልፎ ለመስጠት ሲሉ ጉድለቱን በሰው ፊት መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ አይቻለሁ። እኔ እችለው እንደሆነ አላውቅም።

ቤቴ ገብቼ እግሬን ስታጠብ ስልኬ ጠራ። ጋሽ ተሰማ ናቸው።

"በሰላም ገባችሁ?"

"በሰላም፣ ጋሽ ተሰማ። አላስቸገረችንም።"

ሊጠይቁ የፈለጉትን ስላወቅኩ አላስጨነቅኳቸውም።

"ሆቴላችን ላይ ሞከርናት" አልኩ። "በላዩ አለፈ።"

"በጣሪያው ላይ?"

"በጣሪያው ላይ አልፎ ከወዲያ በኩል ወደቀ። ከበስተኋላ የነበሩትን ሰዎች በሙሉ አበሰበሰቻቸው።"

ከዚያኛው ጫፍ ድምፅ ጠፋ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ፣ ጋሽ ተሰማ" አልኩ።

"አለሁ" አሉ። "እስቲ እንደገና ንገሪኝ።"

ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ቱቦውን ማን እንደያዘው ሳይቀር፣ እንደገና ነገርኳቸው።